አቾል ሁለተኛውን አልበም ስትቀዳ

ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር ሥራ የጀመርኩ ዕለት አሠሪዬ ሀጂ ሙባረክ ከኤሌክትሮኒክስ ሱቃቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል ከፍተው «ይኸው ስቱዲዮህ» አሉኝ። ግድግዳው ላይ የፍራሽ ስፖንጅ ተለጥፏል፤ አንድ ማይክ፣ አንድ ሚክሰር፣ አንድ ኮምፒውተር አለ። ከግድግዳው ማዶ ጄነሬተር ያጓራል። አዲስ አበባ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስምንት ዓመት ሳውንድ ሠርቻለሁና አፌን ሞልቼ «ሀጂ፣ በዚህ ጩኸት አልቀዳም» አልኳቸው። ባትሪና ኢንቨርተር አስገዛኋቸው። ቀረጻ ሲኖር ጄነሬተሩ ይጠፋል፤ ሕጌ ይህ ነበር።

አቾል የመጣችው ጁባ ላይ ጦርነቱ ከተነሣበት ከታኅሣሡ ተኩስ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 2014 ነው። አዲስ አበባ ያደገች ደቡብ ሱዳናዊት ናት። ጊታሯን ይዛ በጁባ ዓረብኛ የካንትሪ ሙዚቃ ትዘፍናለች፤ ስለ ከብት፣ ስለ መንገድ፣ ስለ እናቷ። የመጀመሪያ አልበሟን ሰው አልሰማላትም፤ ባንዷም በተኩሱ ተበትኗል።

«ጋሼ፣ ይሄም ካልሆነ ጊታሩን እሸጠዋለሁ» አለችኝ።

የእኔም እንጀራ አብሮ ተንጠልጥሏል። ሀጂ «በዚህ ሳምንት ደህና ነገር ካልሰማሁ ክፍሉን የዕቃ ማከማቻ አደርገዋለሁ» ብለዋል።

ቀረጻው እምቢ አለ። ጊታሯን በመቃኛ መሣሪያ አስተካከልኩላት፣ ጄነሬተሩን አጠፋሁ፣ ጀመረች። አዝማቹን ለሁለተኛ ጊዜ ስትለው ድምፅዋ ከቃናው ይወርዳል። ብንደጋግመው ያው ነው። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ «ልምምድ ይጎድልሻል» አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

በሦስተኛው ቀን ባትሪው አለቀና ጄነሬተሩን አስነሣን። አቾል ግቢ ወጥታ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ጊታሯን በጆሮዋ ቃኝታ ያንኑ ዘፈን ጀመረች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንቅንቅ የለም። ወጥቼ «ይሄ ድምፅ እስካሁን የት ነበር?» አልኳት።

«ኒምራ ታላታ ሰፈር፣ ቤታችን ጎን የጎረቤት ጄነሬተር አለ፤ ሁሌ የምለማመደው ከእሱ ጋር ነው። እሱ ሲጮህ ድምፄን የት እንደማሳርፍ አውቃለሁ። እዚያ ውስጥ ጭር ሲል ግን ይጠፋኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቁኝ፣ ጋሼ?»

አፈርኩ። ማይኩን አውጥቼ የጄነሬተሩን ድምፅ ቀዳሁት። ባትሪው ሲሞላ ጄነሬተሩን አጠፋሁና ቅጂውን ጆሮዋ ላይ ባደረገችው ማዳመጫ በቀስታ ለቀቅኩላት። ጊታሯንም በእሱ ቃኘች፤ መቃኛ መሣሪያዬን ኪሴ ከተትኩት። የአልበሙን ዘጠኝ ዘፈኖች በሁለት ቀን ጨረስን። ሀጂ ቁጭ ብለው ሁሉንም ሰሙና «ታማም» አሉ፤ በዓረብኛ «ጥሩ ነው» ማለታቸው ነው።

ያን አልበም ማላኪያ ገበያ ውስጥ ያልከፈተው ሱቅ አልነበረም። የሞተር ታክሲ ነጂዎች በስልካቸው እያጫወቱት ያልፋሉ። ሀጂም ስፒከር በር ላይ አውጥተው ለመጣው ሁሉ «እኛ ቤት ነው የተቀዳው» ይሉ ነበር። የማከማቻው ነገር ዳግመኛ አልተነሣም። በዓመቱ አቾል ትልቅ መድረክ ላይ ስትወጣ ሚክሰሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ኩራቴን አልደብቅም፤ በሥራ ዘመኔ ከዚያ የተሻለ አልሠራሁም።

ለሙያው ልጆች የምለው አንድ ነው። ዘፋኝ ከቃና ሲወጣባችሁ ምን እየሰማ መዝፈን እንደለመደ ቀድማችሁ ጠይቁት። እኔ ሳልጠይቅ ጎበዝ ዘፋኝ አስለቅሻለሁ።