በሁዳዴ የተሰማ ከበሮ

በ2011 ዓ.ም. ስልሳ አንድ ዓመቴ ነበር። የሠርግ ኦርጋን መምታቱን ትቼ፣ እዚሁ ላሊበላ በአንድ ወጣት ማዕከል በኮምፒዩተር የሂፕሆፕ ቢት፣ ማለት የዘፈኑን ምት፣ መሥራት ላስተምር የገባሁት ያን ዓመት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጀማሪዎቹ ኮምፒዩተሩ ላይ ተረባረቡ። «እጃችሁን አንሡ!» አልኋቸው። «መጀመሪያ ጠረጴዛውን ምቱ። አንድ ላይ ኪክ፣ ወፍራሙ ምት፤ ሁለት ላይ ስኔር፣ ቀጭኑ፤ ሦስት ላይ ኪክ፣ አራት ላይ ስኔር። ይህ በእጁ ሳይገባ ማውስ የሚነካ የለም።»

«ጋሽ በሪሁን፣ ሂፕሆፕ ነው ወይስ ሒሳብ?» አለኝ አንዱ።

«ያለ ቁጥር ሂፕሆፕ የለም። ምታ!»

ትርሲት የመሪጌታ ልጅ ናት። ከሁሉም ፈጣን እሷ ነበረች። ሁዳዴ እንደገባ የመጀመሪያ ቢቷን ጨረሰች። ለኪኩ ያስገባችው ግን አባቷ በጥምቀት የመቱትን ከበሮ ነው፤ በስልኳ ቀድታው ኖሯል። ለኔ ሳታሰማ ስፒከሩ ላይ ለቀቀችው።

መስኮቱ ክፍት ነበር። በሁዳዴ ከበሮ አይመታም፤ ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ ነው የሚዘምሩት። እና በጠራራ ፀሐይ ከተማው መሐል ከበሮ ተደለቀ። መንገደኛው ቆሞ አማተበ። ባጃጅ ነጂው ሞተሩን አጠፋ።

ስፒከሩን ሳናጠፋው መሪጌታ ደረሱ። ጥቂት አዳመጡ።

«ይህ የኔ ምት ነው» አሉ። «በጾም፣ ለዘፈን! አንተ ሽማግሌ፣ ይህን ነው የምታስተምራት?»

«መሪጌታ፣ ስሕተቱን እናርመዋለን፤ እሷ ትቀመጥ።»

«ከዛሬ ወዲያ እዚህ አትረግጥም!»

ይዘዋት ወጡ። ትርሲት አንገቷን ደፍታ ተከተለቻቸው።

ኃላፊያችን እየሮጠ መጣ። «ጋሽ በሪሁን፣ ቢቱን ያጥፉት፤ ልጅቷንም ይርሷት። ከካህናት ተጣልተን እዚህ አገር አንውልም።»

«ከበሮውን አወጣለሁ። ቢቱን አላጠፋም፤ የሷ ነው።»

«ያዘጉናል እኮ!»

«ያዘጉን!»

የቀሩት ልጆች ባዶ ጀሪካን አመጡ። ቂጡን በቡጢ መታሁት፣ ቀዳነው፣ ከበሮው በነበረበት ቦታ ሁሉ አስገባነው። ሌላውን እሷ እንደሠራችው ተውሁት።

ለምታስተምሩ የምለው ይህ ነው፦ ጀማሪ የማይሆን ድምፅ ካስገባ ድምፁን አውጡት፤ ልጁን አታስወጡት።

በማግስቱ ጠዋት ማዕከሉን ሳልከፍት ወደ መሪጌታ ቤት ወጣሁ። የታረመውን ቢት ከፍቼ ስልኬን ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰሙ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጀሪካን ነው፣ መሪጌታ።»

ደግመው ሰሙት።

«ጀሪካንስ ጾም የለበትም» አሉ። ወደ ውስጥ ዞረው «ትርሲት! ተነሽ፣ ወደ ትምህርትሽ ሂጂ» ብለው ተጣሩ። «ለዘጠኝ ሰዓቱ ቅዳሴ ካልደረሰች ግን አንተን ነው የምይዝህ።»

«እኔው አደርሳታለሁ» አልኋቸው። ጫማዋን እስክታስር ደጅ ቆሜ ጠበቅኋት።