የሐጃ አምና ስኳር

በዘጠናዎቹ ዓመታት ካርቱም ውስጥ መንግሥት ለደሃው ብሎ በድጎማ የሚያቀርበው ስኳር እጁ የሚገባው ማን እንደሆነ ለማየት አርካዊት በሚባል ሰፈር ወዳለ አንድ የኮሚቴ ሱቅ ሄድኩ። ሰልፉ ላይ ከፊቴ የቆመችው ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ እዚያው ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የውጭ ዜጋ ስለሆነች የራሷ የስኳር ካርድ የላትም። አሠሪዋ ግን ባለፈው ዓመት የሞቱትን የራሷን እናት፣ የሐጃ አምናን ካርድና ድርሻ ለዘይነባ ትታላታለች።

"የገበያውን ስኳር ከገዛሁ ለእናቴ የምልከው አይተርፈኝም" አለችኝ። "ዛሬ ደግሞ ባለካርዱ ራሱ ይቅረብ ብለዋል፣ ወንድሜ።"

ስኳሩን የሚያድለው ሸምገል ያለ የሰፈሩ ሰው ነበር። የሰጠችውን ካርድ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበ፦ "ሐጃ አምና፣ ዕድሜ ሰባ ስምንት።"

"ነዐም፣ እኔ ነኝ" አለች ዘይነባ፣ የተከናነበችውን ቶብ ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ። ገና ሠላሳ አልሞላትም። ሰውየው ከእግሯ እስከ ራሷ አያት።

"ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ሐጃ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ።"

ከኋላ አንዲት ሴት "ስኳሩ ተስማምቷታል" አለች። ሰውየው ሳይስቅ መዘነላትና ወደ እኔ ዞረ።

"አንተስ? ባሏ ሐጂ ዑስማን ነህ?"

አይደለሁም አልኩት፤ ጋዜጠኛ መሆኔንም ነገርኩት።

"አውቃለሁ፤ ሐጂን የቀበርኩት እኔ ነኝ" አለና የሐጂን ድርሻ ይመዝንልኝ ጀመር።