ሮክውሉና የእማማ ዘይነባ ማንኳኳት

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ እማማ ዘይነባ ግድግዳውን ሲደበድቡ ቆይተዋል። እኔ አልሰማሁም።

አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር ሰፈር ባለው አሮጌ ቤታችን እሳቸውንና እኔን የሚለየን የጣውላ ግድግዳ ነው። ብቻቸውን ስለሚኖሩ፣ ሲቸግራቸው ሁለቴ ያንኳኳሉ፤ እሄዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት በጣውላዎቹ መሃል ሮክውል አስገባሁ። ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራ ሱፍ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን የመጠቅለያውን ቁራጭ መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት፦ ብርድ ይከላከላል፣ እሳት አይዘውም፣ ድምፅ ያፍናል። ውሃ አይንካው፣ በባዶ እጅ አትንኩት ይላል። (ይህችኛዋን መጨረሻ ላይ ስላነበብኳት ሁለት ቀን እጄን ሳክ ከረምኩ።)

እውነትም ቤቱ ሞቀ። የመብራት ገመድ በተተበተበበት ሰፈር፣ እሳት የማይዘው ነገር መሃላችን መኖሩም እፎይ ያሰኛል። ድምፅ ማፈኑንም ከጥቅሙ ቆጥሬው ነበር።

ዛሬ ዳቦ ላደርስላቸው ስገባ ወለሉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከአልጋ ሲወርዱ ተንሸራትተው መነሳት አቅቷቸዋል። ደግነቱ አልተሰበሩም።

"አንቺ ልጅ፣ ሱፉን የከተትሽው ግድግዳው ውስጥ ነው ጆሮሽ ውስጥ?" አሉኝ። እንባዬ ሲመጣ ግን "አብሽሪ" ብለው እጄን ያዙኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ በጓንት፣ ከአልጋቸው አጠገብ ያለውን ሱፍ አወጣሁት። በዚያ በኩል ብርድ ይገባል። ይግባ።

"እስቲ ያንኳኩ" አልኳቸው። አንኳኩ፤ ሰማሁ።

አሁን ይህን ስጽፍ ደግመው አንኳኩ። ሮጬ ስሄድ ምንም አልፈለጉም፤ መስማቴን ሊያረጋግጡ ነው።

እናንተስ፣ ቤታችሁን ስታሳምሩ ሳታስቡት የዘጋችሁት ነገር አለ?