ሳላነብ የዘለልሁት ገጽ

ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርሁትን ጾም እዘረዝርና ከዚህ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ፤ አንባቢ ናችሁ፣ እኔም የበደልሁት በንባብ ነውና።

እዚህ ድሬዳዋ የሚያውቁኝ "ቀፎ የሌላት ንብ አናቢ" እያሉ ይቀልዱብኛል። ስለ ንብ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳልገዛው አላልፍም። ከሁሉ የምወደው ግን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ያገኘሁት፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ የጸሐፊው ስም እንኳ የጠፋ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ለምን እንደምወደው ለማንም አልተናገርሁም።

ልጅ ሳለሁ፣ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች መንደራችን፣ ጎረቤታችን ንብ አናቢው አያ ዳምጤ የዚህኑ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ከግብርና ሠራተኛ አግኝተው ነበር። ማንበብ አይችሉምና ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔ አነብላቸዋለሁ። "ወይ ይህ ሰውዬ! ንብ ሆኖ ኖሯል እንዴ?" እያሉ በጸሐፊው እየተደነቁ ይስቃሉ።

አንድ ቀን እሳቸው ደጅ ሳሉ ከማሰሯቸው ማር ሰርቄ በላሁ። በዚያው እጄ መጽሐፉን ብገልጠው ሁለት ገጾች ተጣበቁ። ተጣበቁ ብል ሌብነቴ ሊታወቅ ነው። እሳቸው ገብተው ሳነብላቸው ዘለልኋቸው። ወሩ ግንቦት ነበር፤ የማር ቆረጣው ደርሷል።

"አንች ልጅ፣ አባቴ ከክረምት በፊት ሲቆርጥ ለንቧ ድርሻዋን ይተውላት ነበር። ይህ ሰውዬ ተዉላት አይልም?" አሉኝ።

"አይልም" አልሁ።

"ታዲያ ምን ይላል?"

"ሁሉንም ቁረጡ ይላል።"

ማን አስገደደኝ? ማንም። እኔ ነኝ ያልሁት። አያ ዳምጤ የአባታቸውን ልማድ በእኔ አፍ ተዉት። ሐምሌ ሲጋመስ አምስቱም ቀፎ ባዶ ቀረ፤ ንቡ ግማሹ በረሃብ አለቀ፣ ግማሹ ኮበለለ። በየዓመቱ ለደብሩ የጧፍ ሰም የሚሰጡት ሰው ያን ዓመት ባዶ እጃቸውን ሄዱ። "ይህ ሰውዬ ንብ አያውቅም" ብለው መጽሐፉን ጣሪያ ሥር ሸጎጡት። ዳግም አንብቢልኝ አላሉኝም። እኔም እውነቱን አልነገርኋቸውም። ዐዋቂውን ጸሐፊ አላዋቂ ያሰኘሁት እኔ፣ ያመኑኝን ሰው የከዳሁ እኔ።

ልጅ ነበርሁ ልበል? የዋሸችው ልጅ ናት እንበል፤ ይህን ሁሉ ዘመን የደበቀችው ማን ናት?

አያ ዳምጤ በሕይወት አሉ። ወንድሜ በስልክ እንደነገረኝ ከዚያ ወዲህ ቀፎ አልሰቀሉም። የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ግንቦት ሳይገባ ቡሬ እወርዳለሁ። ይቅር ማለት አለማለት የእሳቸው ፈንታ ነው። ማሩንም ውሸቱንም ነግሬ፣ ያን የዘለልሁትን ገጽ እኔ ከገዛሁት መጽሐፍ ከላይ እስከ ታች አነብላቸዋለሁ። "ተዉላት ይላል እንዴ?" ካሉኝም መልሴ ተዘጋጅቷል፦ "ይላል፣ አያ። ያኔም ይል ነበር።"