የኔታ ሸጋው የሰጡት አገር

የኔታ ሸጋው በመተማ ዮሐንስ ፊደል የሚያስቆጥሩ ሰው ነበሩ። ልጅ የሚወደውን ነገር ካነበበ ንባብ ቶሎ ይገባዋል ብለው ስለሚያምኑ፣ ከነጋዴው ከኸሊፋ ሱቅ የስኳር መጠቅለያ ወረቀት እየለመኑ፣ ተረትና እንቆቅልሽ ጽፈው በክር እየሰፉ ለተማሪዎቻቸው ያድሉ ነበር። በዚያ ቆላ ለልጅ ብሎ የሚጽፍ ሌላ ሰው አልነበረም።

ጣሊያን ከተማዋን ከያዘ በኋላ ግን እጃቸው ፈሪ ሆነ። ጅብ ቢጽፉ «ጅቡ ማን ነው?» እንዳይባሉ ጅቡን ያወጡታል፤ አንበሳውንም እንዲሁ። በ፲፱፻፴ ዓ.ም. የቀረላቸው እንቆቅልሽ ብቻ ነበር፤ እርሱም አስጨነቃቸው። መፍታት ያቃተው ልጅ ለጠያቂው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ነግሦ ይሳለቃል። ታዲያ የትኛው አገር ይሰጥ? ጎንደርን ቢሰጡ የአርማጭሆ አርበኞች ባንዳ ይሏቸዋል። መተማን ቢሰጡ ሹሞቹ ለማን ሰጠህ ይሏቸዋል። ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰንብተው፣ ሩቅ ስለሆነ ማንም የማይቆጣበት መስሏቸው፣ ሮማን ሰጡ።

ስሕተታቸው የታወቃቸው ልጆቹ በገበያው መካከል ሲጫወቱት በሰሙ ጊዜ ነው።

«አፏን ስትከፍት ልጆቿ የሚፈሱባት?»

«አላወቅሁም።»

«ሰሊጥ ናት። አገር ስጠኝ።»

«ሮማን ሰጠሁህ።»

«ሮማ ገብቼ፣ ባልጋዋ ተቀምጬ፣ ሹማምንቷን ውኃ አስቀዳሁ።»

የኔታ መጽሐፎቹን ከየልጁ እጅ ይለቅሙ ጀመር። ሰብስበው ሳይጨርሱ፣ እንግዳው የተባለው የጣሊያኑ ካፒቴን አስተርጓሚ አንዱን ይዞ ከደጃፋቸው ቆመ።

«የኔታ፣ ይህን የጻፉት አንቱ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። የልጆች ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታነቱንማ አውቃለሁ፤ እኔም ልጅ ሆኜ ስንት አገር ሰጥቼበታለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አገር ጠፍቶ ነው ሮማን የሰጡት? ሌላውን አጣምሜ ልተረጉመው እችላለሁ። ይህችን ቃል ግን ሰውዬው ያለ እኔ ይሰማታል።»

«ይሰቅሉኝ ይሆን?»

«እኔንስ የሚምሩኝ ይመስልዎታል? ይነሡ፤ እየጠበቀን ነው።»

ካፒቴኑ የመጽሐፉን ገጽ በጣቱ እየመታ «ሮማ?» አለ። እንግዳው ብዙ ተናገረ። የኔታ ከንግግሩ የገባቸው ያችው «ሮማ» ብቻ ነበረች፤ በተነሣች ቁጥር ገመድ አንገታቸው ላይ የጠበቀ ይመስላቸው ነበር። ድንገት ካፒቴኑ ሳቀ።

ከወጡ በኋላ እንግዳው ላቡን ጠረገ። «ተሸናፊው ከዓለም አገር ታላቁን ይሰጣል አልኩት። ወደደው። በየጦር ሰፈሩ ላሉት ያገሬው ወታደሮች ልጆች ሁሉ እንዲጽፉ አዞዎታል።»

«ሌላ አስተርጓሚ ቢያነበውስ?»

«ያን ጊዜ ሁለታችንም አለቀልን።»

እምቢ ማለት አይቻልም። የኔታ ስለዚህ የመሳለቂያውን ስንኝ ቆርጠው፣ «ሮማን ሰጠሁህ» ከሚለው ላይ አቁመው ይጽፉ ጀመር። አንድ መጽሐፍ በጨረሱ ቁጥር ደጋግመው ያነቡት ነበር፤ እያንዳንዱ መጽሐፍ ለአንድ ተጨማሪ ዓይን የሚደርስ ነውና።

አንድ ቀን በካምፑ አጥር በኩል ሲያልፉ የወታደሮቹ ልጆች ሲጫወቱ ሰሙ። ሮማ ተሰጠች። ያልተጻፈውን ስንኝ ግን ሁሉም በቃላቸው ያውቁት ኖሮ፣ ባንድ ድምፅ ሹማምንቱን ውኃ አስቀዱ። በረንዳ ላይ የቆመው ካፒቴን የሚያውቃትን አንዲት ቃል ሰምቶ ፈገግ አለና እጁን አውለበለበላቸው።

የኔታም ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ቤታቸው ገብተው በሩን ቀረቀሩና ቀጣዩን ወረቀት አሰመሩ።