ላልሞተ ሰው የጻፍኩት ሐዘን

በመሥሪያ ቤታችን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የኔ ሥራ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹን መያዝ ነው። ስብሰባ፣ ሹመት፣ የበዓል መልካም ምኞት እለጥፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ጎንደር ውስጥ ስም ያወጣልኝ የሐዘን መግለጫ ነው። እገሌ አረፈ ሲባል ጥቁር መደብ፣ ፎቶ፣ «የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን»፤ አራት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ሌላ መሥሪያ ቤት ከቀደመኝ ቀኑን ሙሉ እበሳጭ ነበር። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ስልኬን ስከፍት የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ፎቶ ከገጻቸው ላይ ተነሥቶ በቦታው ጥቁር ላይ የበራች ሻማ አየሁ። እሳቸው የዓመት ፈቃድ ላይ ነበሩ፤ ልባቸውን እንደሚያማቸውም ሁላችንም እናውቃለን። ሻማ ደግሞ ሞት ማለት ነው። ማን እንደሞተ ግን ሻማ አይናገርም። ስልካቸው ላይ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ደግሜ አልደወልኩም። ባለፈው ወር ለሌላ ሰው የጻፍኩትን አውጥቼ ስሙንና ፎቶውን ቀየርኩና ለጠፍኩት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀና ስል የቢሮዬ በር ላይ ቆመዋል።

ካፖርታቸው በካፊያው ረጥቧል። ሻማዋን ያደረገችው ገጻቸውን የምትይዝላቸው ልጃቸው ናት፤ ጎረቤታቸው ሞተው ነው። ስልኩ የተዘጋው መብራት ጠፍቶ ነው። ኮሪደሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ አማተበች፤ እጃቸውን የጨበጠ ሰው አልነበረም። እኔም ሳላስበው እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ።

«እናቴ ያለችው ገጠር፣ ኮሶዬ ነው» አሉ። «እዚያም ስልክ አለ።»

በኛ አገር መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሌሊቱን አሳድሮ፣ በማለዳ በወግ ነው የሚነገረው። የኔ መርዶ ግን ማንንም አልጠበቀም። ኮሶዬ ደጋግመን ደወልን፤ የሚያነሣ ጠፋ። ልጥፉን አጥፍቼ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወጣን። እኔ ባጠፋውም ሰው ገልብጦ በየገጹ ተቀባብሎት ነበር። እሳቸው ስልኬን ተቀብለው አስተያየቶቹን በተረጋጋ ድምፅ ያነቡልኝ ጀመር። «ነፍስ ይማር።» «ደግ ሰው ነበሩ።» ለዓመታት ያኮረፋቸው ሰው ሳይቀር አመስግኗቸዋል። ጭጋጉ እየወፈረ መንገዱ ሲጠፋብን፣ ሁሉም «ነበሩ» እንዳላቸው ነገሩኝና ስልኩን መለሱልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልመሰለኝም። ከጎኔ የተቀመጡትን ሰውዬ እጅ በስርቆት እያየሁ፣ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እጠብቅ ነበር።

ስንደርስ ልቅሶው ከሩቅ ይሰማል። ድንኳን እየተተከለ ነው። እሳቸው ወደ ግቢው ሲገቡ ዋይታው ባንዴ ጸጥ አለ። እልል ያለ የለም፣ ሮጦ ያቀፋቸውም የለም። አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ መንገድ ለቀቁላቸው። ያን ጊዜ በእውነት ፈራሁ።

እናታቸው ፊታቸውን ነጭተዋል፤ ደሙ አልደረቀም። የልጃቸውን ፊት ከግንባር እስከ አገጭ በዝግታ ዳሰሱ። አልሳሙትም። ከዚያ ማን እንደጻፈው ጠየቁ፤ እኔ ነኝ አልኩ።

«ስትጽፊው አልቅሰሽለት ነበር?»

«አላለቀስኩም፣ እማማ።»

«ሳይለቀስ የተነገረ ሞት ሰው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ልጄ። ምነው ትቆሚያለሽ? ተቀመጪና አልቅሺለት፤ ይውረድለት።»

ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ። መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነበር የወጣኝ። ከዚያ እውነተኛው እንባ መጣ፤ በአራት አራት ደቂቃ ጽፌ ላለፍኳቸው ሁሉ ጭምር አለቀስኩ። ኃላፊያችን ከፊት ለፊቴ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እስክጨርስ ድረስ አዳመጡኝ።