የአባቴ ቀኝ እጅና የካርዱ ውሸት

አባቴ ቄስ ናቸው። ቀየት ከተማ አጠገብ ባለች የገጠር ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቀድሱ ኖረዋል። አምና ክረምት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጭቃው አዳልጧቸው ወደቁና ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ ተሰበረ። ወንድሜ ወጌሻ ልጥራ ሲል የተከራከርኩት እኔ ነኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ሐኪም ይሻላል ብዬ በዚያው ቀን ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ጄሶ ታስሮላቸው ተመለስን።

በማግስቱ ጣቶቻቸው አብጠው ጠቆሩ። ሕመማቸውን የሚያወሩ ሰው አይደሉም፤ ያን ቀን ግን ያቃስቱ ነበር። ተመልሰን ሄድን። ጄሶውን ያሰረው ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "የተሰበረ አጥንት ያማል፤ ቀጠሯችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው" አለ። ጄሶው ጠብቆባቸው እንደሆነ እንዲያይልኝ ለመንኩት። ማስታገሻ ጽፎ ሸኘን። በአራተኛው ቀን ደብረ ብርሃን ስናደርሳቸው እጁ ሞቷል ተባለ። ከክርናቸው በታች ተቆረጠ።

ቀኝ እጅ የሌለው ቄስ አይቀድስም።

ቅሬታ ላቀርብ ስል አባቴ ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ ብለው ከለከሉኝ። እኔ ግን አልሰጠሁም። ሆስፒታሉ ሄጄ አቤቱታ የሚቀበል ማን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአስተያየት ሳጥን አሳዩኝ። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። ማመልከቻዬን ጽፌ መዝገብ ቤት አስገባሁ፤ በግልባጩ ላይ ቁጥርና ማኅተም ካላረፈበት አልወጣም አልኩ። ከሦስት ሳምንት ምልልስ በኋላ የሆስፒታሉ ኃላፊ የአባቴን ካርድ አውጥቶ አነበበልኝ። ታካሚው ጄሶውን ፈትተው በወጌሻ ታሽተው ነው የተመለሱት ይላል።

ወጌሻውን የከለከልኩት እኔው አይደለሁም ወይ? የካርዱን ግልባጭ ስጠይቅ አይሰጥም አለኝ። እንግዲያው ይህንኑ በጽሑፍ ይስጡኝ አልኩት። በማግስቱ ግልባጩን ሰጠኝ።

ለአባቴ ሳነብላቸው፣ "እጄን ወሰዱ፤ እሺ። ውሸታም ግን አያደርጉኝም። ጻፊ" አሉኝ።

ለክልሉ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ጻፍን። በየቀኑ የሆነውን በተራ አስቀመጥኩ፤ ደብረ ብርሃን የሰጡንን የሕክምና ማስረጃም አያያዝኩ። እዚያ የተቀበለን ሐኪም፣ ጄሶው እንደታሰረ መድረሱንና ቀድዶ ያወጣው እሱ ራሱ መሆኑን አስፍሯል። ውሸቱ የወደቀው በዚያች አንድ መስመር ነው።

መልሱ ስምንት ወር ፈጀ። ጥፋት መገኘቱን፣ ካርዱ እንዲታረም መታዘዙንና ባለሙያው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠው ይገልጻል። አባቴ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና፣ "እውነቱ ወጣ፤ ይበቃል" አሉ።

እኔን አልበቃኝም። ለአንድ እጅ አንድ ወረቀት። ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ደጃችንን የረገጠ የለም፤ ሰውየውም እዚያው እየሠራ ነው። እሁድ እሁድ አባቴ ከመቅደሱ ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ። እኔም በሴቶች በኩል ሆኜ አያቸዋለሁ፤ ተናድጄ የምቆምበትን ቅዳሴ እግዚአብሔር ይቀበለው አይቀበለው እንጃ።